ለጆሮ ብቻ የተፈቀደች ሲጋራ

ሲጋራዋ የፔንግ ደሹን ጆሮ ላይ የተሰካችው በሴት ልጁ የሠርግ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሁለት ቤተሰብ ሙሉ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ከጥሎሹ የበለጠ ሽምግልና ጠይቋል።

ነገሩን የጀመረችው ሙሽሪት ናት። ዩንሹ በዪያንግ ከተማ ሆስፒታል የሳንባ ክፍል ነርስ ነች። ቀኑን ሙሉ የምትውለው አየርን እንደ ምጽዋት ከሚለምኑ ሽማግሌዎች ጋር ስለሆነ፣ በሠርጌ ጠረጴዛ ላይ የሲጋራ ፓኮ አይቀመጥም፣ እኔም በየጠረጴዛው እየዞርኩ ለእንግዳ አልለኩስም ብላ ቁርጧን ተናገረች። በዪያንግ ደግሞ ሙሽሪት ሲጋራ ሳትለኩስ የተበላ ድግስ የለም። እንግዳው ሲጋራውን በከንፈሩ ይዞ ይጠብቃታል፤ እሳቱን ስታቀርብለት እፍ ብሎ ያጠፋባታል፤ ደግማ ትለኩሳለች፣ ደግሞ ያጠፋባታል፤ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ያ ሳቅ ከሌለ ዓሣው ራሱ ጨው የጎደለው ይመስላቸዋል።

የሙሽራው አባት አቶ ሌይ ይህን ሲሰሙ ሁለት ሳምንት አኮረፉ። አቶ ሌይ በልጅነታቸው ጡብ ተሸክመው፣ በጉልምስናቸው ጡብ አስሸክመው የከበሩ ሰው ናቸው። ሲጋራ የሌለበት ሠርግ ከለቅሶ በምን ይለያል፣ ለቅሶ ላይ እንኳ ይጨሳል አሉ። ዩንሹ ተስፋ አልቆረጠችም፤ አባቷን እንደ ማስረጃ ይዛ ቀረበች። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ በቀን ሁለት ፓኮ የሚጨርስ ሰው ሲጋራ ካቆመ ሰባት ወሩ ነው፤ እሱ ሰባት ወር ከቻለ እንግዳው ሦስት ሰዓት አይችልም ወይ ብላ ጠየቀች። አቶ ሌይ ደሹንን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ሊገዙት እንዳሰቡት የጭነት መኪና። ደሹን በማፈርና በመኩራት መካከል ሆኖ ኪሱ ውስጥ ያለችውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ አውጥቶ አሳያቸው። ዩንሹ የገዛችለት፣ ጣት የምታክል ጥቁር ቬፕ ናት።

«ሠላሳ አራት ዓመት አጭሰህ አጭሰህ በጡጦ ጨረስከው?» አሉት።

ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ተስማሙ። ያቺ ጡጦ ቃል ሆነች፤ የልጅቷ ቃል ሁሉ የቆመው በአባቷ አፍ ላይ ነበር።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጠዋቱ ሲጋራ። ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ ለአባቷ በሁለት እጁ ሲጋራ ያቀርባል። አባት ከተቀበለው ልጁ ልጅ ሆነ፤ ካልተቀበለው ደጅ ቀረ። አቶ ሌይ እዚህ ላይ ሞቼ እገኛለሁ አሉ፤ ከረሜላ ሰጥቶ አማች የሆነ ሰው አላውቅም አሉ። መላውን የዘየደችው ዩንሹ ናት። ወንዶች ሥራ ላይ ሆነው ሲጋራ ሲሰጣቸው ጆሯቸው ላይ ይሰኩት የለም? አባቴም ይቀበልና ጆሮው ላይ ይሰካታል፤ ክብርም አይነካም፣ ሳንባም አይነካም አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ «ለጆሮ ብቻ» አለችው።

«ለጆሮ ብቻ» አለ ደሹን። ሲለው ደግሞ ከልቡ ነበር።

በሠርጉ ጠዋት ሙሽራው ቼንግ መጣ። የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ሲያፍር አንገቱ የሚቀላ። የሙሽሪት ሚዜዎች በሩን ዘግተው አስለፍልፈውት፣ አዝፍነውት፣ ጫማ ፈልግ ብለው አልጋ ሥር ካስገቡት በኋላ ደሹን ፊት ደርሶ ጎንበስ አለ። በሁለት እጁ ያቀረባት ሲጋራ የማጣሪያ ቂጧ ነጭ፣ ባለ ወርቅ ቀለበት ናት፤ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው በዘመኑ አንድ ጊዜ፣ ያውም ሌላ ሰው ሲጋብዘው የሚያጨሳት ዓይነት።

«አባባ» አለ ቼንግ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ሲለው።

ደሹን ተቀበላት። ወረቀቷ በጣቶቹ መሃል ስትንኮሻኮሽ የሰባት ወር እንቅልፍ የተኛ አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ቶሎ ብሎ ቀኝ ጆሮው ላይ ሰካት። ቤቱ አጨበጨበ፤ ሚስቱ ሹፌን አለቀሰች። ሙሽሪት ባሏን አላየችም፤ የአባቷን ጆሮ አየች፣ ከዚያ ፈገግ አለች።

ሰው እንደሚያስበው ሲጋራን በቬፕ መተካት አህያን በበቅሎ እንደ መተካት አይደለም። ቬፑ ለደረቱ የሚፈልገውን ይሰጠዋል፤ እውነት ለመናገር ደረቱ ተሽሎታል፤ በሚያዝያ ወር አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ያርፍ የነበረ ሰው አሁን አንድ ጊዜ ነው የሚያርፈው። ዩንሹ በየወሩ ክፍሏ ወስዳ የትንፋሽ መለኪያ ቧንቧ ታስነፋዋለች፤ መሣሪያው ላይ የሚወጣው ቁጥር በየወሩ ይሻሻላል፤ ቁጥሩን ጽፋ የራሷ ሎከር ላይ ትለጥፈዋለች። ግን ሲጋራ ወግ ነበራት። የአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ በር ከፍቶ መውረድ፣ ክብሪት መጫር፣ እሳቱን በመዳፍ ከልሎ ለሌላው ሾፌር ማቀበል፣ አመዱን እያራገፉ ስለ ተቆጣጣሪው ማማት ነበረ። ቬፕ ማንም ለማንም አያቀብልም። ሰው ለብቻው ይጠባዋል፣ ለብቻው ይተነፍሳል፣ ከዚያ ኪሱ ይከተዋል። መናኸሪያው ጋ ያሉት የድሮ ጓደኞቹ ሲያዩት ‹ጡት መቼ ትጥላለህ?› ይሉታል። እሱም ይስቃል። ሰባት ወር ሙሉ ስቋል።

ወደ አዳራሹ በሚወስደው መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ ሳብ ሊያደርግ ቬፑን ሲያወጣ ቀይ መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሌሊቱን በጭንቀት ሲጠባው አድሮ ባትሪውን ጨርሶታል። ገመዱ ቤት፣ ከሩዝ ማብሰያው አጠገብ ቀርቷል።

ይህ መቼም ጥፋት አይባልም። አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ በየጠረጴዛው ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ስልኩን በፓወር ባንክ ሰክቶ ተቀምጧል። ከሚዜዎቹ አንዷ ድመት የተሣለበት ሮዝ ፓወር ባንክ በእጇ እንደያዘች በፊቱ ሁለት ጊዜ አለፈች። ‹ልጄ፣ እስቲ እሱን አንዴ አውሺኝ› ማለት ብቻ ነው። ደሹን ሊል አፉን ከፈተ። ቬፑንም ከኪሱ ግማሽ አውጥቷል። ከጎኑ የተቀመጠው የሙሽራው ሁለተኛ አጎት ግን፣ ጥርሱ እንደ ጫት በሚያኝከው የቤተል ፍሬ የቀላ ወፍራም ሰው፣ ዓይኑ ፈጣን ነበረች።

«ጋሼ ደሹን፣ ጡጦው ደረቀ እንዴ? ወተት እናስመጣ?»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ደሹንም ሳቀ። ኧረ ሙሉ ነው፣ በሰዓት ነው የማጨሰው አለና ቬፑን መልሶ ኪሱ ከተተው። ሚዜዋ አለፈች፤ ድመቷም አብራ አለፈች። ሰው ትንሿን እፍረት ለማምለጥ ብሎ ትልቋን ይገዛል፤ ያውም በራሱ እጅ መርጦ።

ምግቡ መጣ። የዓሣ ጭንቅላት በቀይ ቃሪያ ተሸፍኖ፣ የተጠበሰ ዳክዬ፣ የሎተስ ሥር፣ የማሽላ አረቄ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደሹን የበላው ምግብ ሁሉ በሲጋራ ነው የተዘጋው፤ ያልተዘጋ ምግብ ሆዱ ውስጥ በር እንዳልተዘጋበት ቤት ይነፍስበታል። ወንዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ደጅ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ሽታቸው ቀድሟቸው ይገባል። ደሹን ከረሜላ በላ። ሁለተኛ በላ። ዘጠነኛውን ሲልጥ ሹፌን የስኳር በሽታም ልትጨምር ነው ወይ ብላ በክርኗ ጎሸመችው። ጆሮው ላይ ያለችው ደግሞ ከጆሮው ሙቀት የተነሣ ማሽተት ጀምራለች። ትምባሆ ሲሞቅ ትንሽ የማር፣ ትንሽ የደረቅ ሣር ሽታ አለው። ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ባዞረ ቁጥር ትመጣለች፤ ወደ ግራ ሲያዞርም ትከተለዋለች። ሰዎች ሲያወሩት የሚሰማው በግራ ጆሮው ብቻ ነው፤ ቀኙ ሌላ ሥራ ይዟል።

ሁለት ስኒ አረቄ ከጠጣ በኋላ ተነሣ። ሶኬት ልፈልግ ነው አለ ለራሱ። ይህም እውነት ነበር።

በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጣ። አንድ ወጥ ሠሪ ነጭ ሽርጡን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የተገለበጠ የቃሪያ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል። ምን ጠፋብዎት ጋሼ ብሎ ጠየቀው። ደሹን ሶኬት አለ፣ ቬፑንም አሳየው። ወጥ ሠሪው ሶኬቱ ከበሩ አጠገብ እንዳለ ነገረው፤ የራሱን የስልክ ገመድም አቀበለው። ገመዱ ግን የድሮ ዓይነት ነው፤ ቬፑ ውስጥ አልገባ አለ። ደሹን ገልብጦ ሞከረው። እንደገና ገልብጦ ሞከረው። ወጥ ሠሪው ይህን ሁሉ በትዕግሥት አይቶ፣ ጆሮው ላይ ባለ ወርቅ ቀለበት ሲጋራ ሰክቶ በገመድ የሚታገል ሽማግሌ ቢያሳዝነው፣ ላይተሩን ቷ አድርጎ ለኩሶ፣ እሳቱን በመዳፉ ከልሎ አቀረበለት።

ወንድ ለወንድ እሳት ሲያቀርብ ምን ይላል?

ደሹን ጎንበስ ያለው ‹አይ፣ ይቅርብኝ› ለማለት ነው። በኋላ ለራሱ የነገረው ይህን ነው። ጎንበስ ሲል ግን ሲጋራዋ ከጆሮው ወርዳ አፉ ውስጥ ነበረች፤ መቼ እንደወረደች አያውቅም፤ እጁ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራውን ሥራ ሳያስፈቅደው ሠራ።

መራራ ብትሆን ኖሮ ደግ ነበር። ሰባት ወር ያላጨሰ ሰው ሲጋራ ይመረዋል፣ ራሱን ያዞረዋል ብላው ነበር ዩንሹ። ጣፈጠችው። እንደ ድሮ ጓደኛ ትከሻው ላይ እጇን ጣል አድርጋ፣ ‹የት ጠፍተህ ነው?› አለችው። በሰባት ስበት አለቀች። ስምንተኛውን ሲስብ ከንፈሩን አቃጠለው፤ ያን ጊዜ ነው ከአዳራሹ ውስጥ የመድረክ መሪው ድምፅ የተሰማው። ሙሽሮቹ ጠረጴዛ መዞር ጀምረዋል፣ ቀጥሎ የክብር ጠረጴዛው ነው ይላል።

ደሹን ጆሮውን ነካ። ባዶ ነው።

ከዚያ ተጣድፎ ያደረገው ነገር ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው የሚመጥን አልነበረም። ወጥ ሠሪውን አንዲት ሲጋራ ስጠኝ ብሎ ለመነው። ወጥ ሠሪው ሁለተኛ ሊያጨስ መስሎት እሳት ጨምሮ አቀረበለት፤ ደሹን እሳቱን ትቶ ሲጋራዋን ጆሮው ላይ ሰካት። በሻይ ተጉመጠመጠ፤ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ዝንጅብል አንሥቶ አኘከ። ወጥ ሠሪው በዚህ ሙያ ላይ ብዙ ሠርግ አይቷል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየም።

የወጥ ሠሪው ሲጋራ ባለ ቡናማ ቂጥ ናት። ግንበኛ የሚያጨሳት፣ ጡብ ተሸካሚ የሚያጨሳት። በዪያንግ ከተማ አንድ ወንድ የሌላውን ወንድ ደመወዝ፣ የሚስቱን ጠባይና የልጆቹን ትምህርት ቤት ከሲጋራው ቂጥ ላይ፣ ያውም ሦስት ጠረጴዛ ርቆ ያነባል። ደሹን ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ እሱም አንባቢ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሲጋራ ሲጋራ ነው፣ ማን ጆሮ ያያል አለ።

ተመልሶ ከመቀመጡ ሙሽሮቹ ደረሱ። ዩንሹ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ ስኒ ይዛለች፤ ቼንግ ከጎኗ አረቄ ይቀዳል፤ የመድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ይዞ ይከተላቸዋል። አቶ ሌይ ለክብር ተነሡ፤ ለደሹን ሊቀዱለት ጠርሙሱን አነሡ፤ ጎንበስ አሉ። ጠርሙሱ አየር ላይ ቀረ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ቼንግ። ና ወዲህ። ለአማትህ የሰጠኸው ይህን ነው?»

ቼንግ የደሹንን ጆሮ አየ። ቡናማዋን አየ። ከዚያ የደሹንን ፊት አየ፤ ለአንድ አፍታ ብቻ። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው አንድ ነገር ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። አንገቱ ቀላ።

«ይቅርታ አባዬ» አለ ለአባቱ። «ጠዋት ጥድፊያ ላይ ፓኮው ተቀያይሮብኝ ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አቶ ሌይ ልጃቸውን ለአስተማሪነት ያበቃሁህ ጡብ ተሸክሜ ነው፣ አማትህን በጡብ ተሸካሚ ሲጋራ የምታዋርደው ማን ብትሆን ነው እያሉ፣ በሃያ ሁለት ጠረጴዛ ፊት፣ ሳይጮኹ፣ አንድ በአንድ ገነቡበት። ሁለተኛው አጎት ሳህኑን ያያል። ሹፌን ባሏን ታያለች። ደሹን አፉ ውስጥ ዝንጅብል አለ፤ ዝንጅብሉን ያላምጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚበቃው። ዓረፍተ ነገሩ ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ ዝንጅብሉን አልፎ ግን አልወጣም። ልጁ ራሱ ዋሽቷል፣ አሁን እኔ ባወጣው እሱን ውሸታም ማድረግ ነው ብሎ አሰበ፤ ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ደስ የሚል ሐሳብ አያጣም።

ዩንሹ አንድ እርምጃ ቀረበች። አፍንጫዋ ትንሽ ተነፋ። ሰባት ዓመት ሳንባ ክፍል የሠራች ልጅ ናት፤ በዝንጅብል ትሸወዳለች? አባቷን ጠበቀችው። እሱም ልጅቷ እየጠበቀችው እንደሆነ አወቀ፤ አውቆም የዓሣውን ጭንቅላት አየ። ዓሣው ግን አላፈረም፤ አፍጥጦ አየው።

አቶ ሌይ ነገሩን እንደ አባወራ ቋጩት። ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን ፓኮ አወጡ፤ ባለ ወርቅ ቀለበቷን በሁለት እጃቸው ለደሹን አቀረቡ። ልጄ ያጎደለውን ምራቴ ትሙላ፣ በእጇ ትለኩስልህ አሉ። ሕጓን አልረሳሁም፣ ግን የባሏ ስም ነው ብለው ወደ ዩንሹ ዞሩ። ዩንሹ ቼንግን አየችው። አንገቱ አሁንም ቀይ ነው። ከሁለተኛው አጎት እጅ ላይተሩን ተቀበለች።

አዳራሹ ይህን ሲያይ ነፍስ ዘራ። ከጠዋት ጀምሮ የጠማቸው ይህ ነበር፤ ወንበር ተገፋ፣ ስልክ ወደ ላይ ተነሣ፣ መሪው ‹የሙሽሪት እሳት› እያለ ማይክሮፎኑን አስጠጋ። ደሹን ሲጋራዋን ከንፈሩ ላይ ይዟል። እሳቱ በልጁ እጅ ውስጥ መጣ።

እዚህ ላይ ደሹን ለሹፌን እንኳ ያልነገረው ነገር አለ። ሲጋራዋን ፈልጓት ነበር። የአማቹ አንገት ቀልቶ፣ እሱ ግን ‹ዛሬ እንኳ ፈቃድ ተገኘ› የሚል አንድ ድምፅ ከደረቱ ሰማ። አጨስ የሚለው ወግ ነው፣ አቶ ሌይ ናቸው፣ ሃያ ሁለት ጠረጴዛ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማን ይወቅሰዋል? ጓሮ ያጨሳትም በዚህች ውስጥ ትቀበራለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበና፣ በዚያው ትንፋሽ እፍ አለ።

እሳቱ ጠፋ። አዳራሹ ሳቀ፤ ወጉ ነውና። አባትየውም ይቀልዳል ለካ አሉ።

ዩንሹ ደግማ ለኮሰች። ደግሞ እፍ አለ። ጭብጨባ። ሁለተኛው አጎት ጎሽ ጋሼ፣ ቀላል አታርግላት ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ለሦስተኛ ጊዜ ለኮሰች፤ መሪው የእፍታውን ድምፅ ለሕዝብ ለማሰማት ማይክሮፎኑን ከደሹን አገጭ ሥር ደቀነው። ደሹን እፍ ሲል ግን ትንፋሹ አለቀበት። ከድምፅ ማጉያዎቹ የወጣው እፍታ ሳይሆን ፉጨት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከአሮጌ አውቶቡስ በር እንደሚወጣው። እሳቱ ትንሽ ተወዛወዘና ሳይጠፋ ቆመ።

ሳቁ ከፊት ጠረጴዛዎች ጀምሮ ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ።

ዩንሹ ላይተሩን ከደነች። የሙሽራ ፊቷን አውልቃ የነርስ ፊቷን አጠለቀች።

«አባዬ፣ ስንት ነው?»

«አንዲት።»

«መቼ?»

«አሁን። ጓሮ።»

ይህም በድምፅ ማጉያ ነው የወጣው። ጓሮ፣ ጓሮ እያለ አዳራሹን ዞረ። መሪው ደንግጦ ማይክሮፎኑን ሊያሸሽ ሲል ደሹን እጁን ያዘው። ለምን እንደያዘው አያውቅም፤ ምናልባት የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው።

«አቶ ሌይ» አለ። «ልጅዎ የሰጠኝ ባለ ወርቅ ቀለበቷን ነው። በሁለት እጁ፣ አጎንብሶ ነው የሰጠኝ። እኔ አጨስኳት። ይቺን የጆሮዬን ደግሞ ወጥ ቤት ለምኜ ነው። ልጁ የዋሸው ለኔ ብሎ ነው። እሱ ሲሰደብ እኔ ዝንጅብል እያላመጥኩ ነበር።»

የመጨረሻውን ለምን እንደጨመረ አይታወቅም። ማንም አልሳቀም።

አቶ ሌይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከደሹን ጆሮ ላይ ቡናማዋን ነቀሏት፤ በጣታቸው እያሽከረከሩ መረመሯት። ጡብ ስሸከም የማጨሳት ይቺን ነበር አሉ፤ ለማንም አይደለም የተናገሩት። ለልጃቸው ስኒ ቀድተው በፊቱ አኖሩ። ከአቶ ሌይ ይቅርታ ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ አይወጣቸውም። ቀጥሎ ቀና ብለው «የዚህን ሰው ጡጦ የሚሞላ ጠፋ?» አሉ።

አሁን አዳራሹ ሳቀ። ድመቷ ያለችበት ሮዝ ፓወር ባንክ ከአሥራ አራተኛው ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ እንደ ሠርግ ስጦታ እየተላለፈ መጣ። እያንዳንዱ ያቀበለ ሰው ቀና ብሎ የሚደርስለትን ሰው ያይ ነበር። ደሹን ገመዱን ሰካ። ገባ፤ በመጀመሪያው ሙከራ። ቀይ መብራቷ በራች። ቼንግ ‹አባባ፣ ሻይ ይሻላል› ብሎ በሁለት እጁ ሻይ አቀረበለት። ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ በተለይ እነዚያ ሁለት እጆች ወጉት።

ዩንሹ ቀጣዩ ጠረጴዛ እየጠበቃት ነው። ከመሄዷ በፊት አውራ ጣቷን በምራቋ ነካ አድርጋ፣ የተረፈችውን የትምባሆ ብናኝ ከአባቷ ጆሮ ላይ ጠረገች፤ ልክ እሱ በልጅነቷ ሩዝ ከጉንጯ እንደሚጠርገው።

«ሰኞ ክፍሌ መጥተህ ትነፋለህ» አለችው። «ቁጥሩን እለጥፈዋለሁ። እንደወጣ።»

ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ሄደች። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ደሹን ግን እስክትዞር ጠብቆ ነበር።

ጠረጴዛው ወደ ዓሣው ተመለሰ። ደሹን ከድመቷ ጋር በገመድ ታስሮ፣ ትንሽ ትንሽ እየሳበ፣ እንፋሎቱን ወደ ጉልበቱ እየለቀቀ ተቀመጠ። ሃያ ሁለቱ ጠረጴዛ እንደ ጡጦ ጠቢ እያየው ነው፤ ይህኛው እፍረት አሁን ከሌላኛው ጋር ሲተያይ የትንሽ ጣት ያህል ነበር። ከሳህኑ አጠገብ ግን፣ ከዓሣ አጥንት መሃል፣ ሲናገር ከከንፈሩ የወደቀችው የአቶ ሌይ ባለ ወርቅ ቀለበት ሲጋራ ሳትለኮስ ተጋድማለች። ማንም አላነሣትም። ሻዩን ጠጣ፤ አለች። ፊቱን አዞረ፤ አለች። አንዴ ዓይኑ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሲሄድ ራሱን ያዘው።

«ሁለተኛ አጎት» አለ በመጨረሻ። «እባክህ ይቺን ከፊቴ አንሣልኝ። እኔ አልችልም።»

ሁለተኛው አጎት ቀይ ጥርሱን ሊያሳይ አፉን ከፈተ፤ የደሹንን ፊት ሲያይ ግን ቀልዱን ዋጠው። ሲጋራዋን አነሣት፤ የዓሣውን መረቅ በናፕኪን ጠረገላት፤ የሚያደርጋት ቢያጣ ግራ ጆሮው ላይ ሰካት። ግራ ጆሮው ደግሞ በደሹን በኩል ነው። ወዲያው ያቺ የማርና የደረቅ ሣር ሽታ መጣች።

ደሹን ቬፑን ከአፉ አወጣ።

«በዚያኛው ጆሮህ» አለው።